ጭቃው ሰው አይበላም፣ ጫማ ግን ይበላል

ባለፈው ጽሑፌ ጣና ሐይቅ ላይ ሳናስበው ስለወጣንበት የካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ፣ ጉዞ አውግቻችሁ ነበር። ባሕር ዳር ቡና ልንጠጣ ተቀጣጥረን፣ አንዱ ጓደኛችን ሁለት ካያክ ተውሶ ከች አለ። ረፋዱን ሙሉ ደንገል ውስጥ እስከ ወገባችን ገብተን ጭቃ ስናቦካ ዋልን። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል።

«ረግረጉ ሰው ይውጣል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?»

አይውጥም። ጭቃ ከውሃ ይከብዳል፣ የሰው ገላ ደግሞ ከጭቃው ይቀላል። ስለዚህ ወገብ አካባቢ ሲደርስ መስመጡ ይቆማል። ችግሩ መያዙ ነው። እግርህን በኃይል ስትመዝ ከሥሩ ክፍተት ይፈጠርና መልሶ ይስብሃል። አንዱን ስታወጣ ሌላው ይገባል።

አትቸኩል። ካያኩን አጠገብህ አግድም አድርገህ ደረትህን ጣልበት፤ ከሌለህ ወደ ኋላ ተንጋለል። ከዚያ እግርህን ቀስ እያልክ ነቅነቅ። ውሃ በዙሪያው ሲሰርግ ይለቅሃል። ጓደኞችህ በገመድ እንጎትትህ ካሉ እምቢ በል፣ መገጣጠሚያ ይጎዳል። እኔ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ የሚረዳኝ ጓደኛዬ በሳቅ ወድቆ ነበር። ብቻህን ከሆንክ ግን ጨርሶ አትግባ። ጫማህንም ቀድመህ ተሰናበተው፤ የእኔ አንድ እግር ኮንጎ አሁንም እዚያው ነው።

«ጉማሬ አልፈራችሁም?»

እውነቱን ልናገር? ትዝም አላለን። ደንገሉ መሀል ሰፋ ያለ፣ በእግር ብዙ የተረገጠ መግቢያ አገኘን። «ሰው መንገድ ጠርጎልናል» ብለን አመስግነን ገባን። ትንሽ ቆይቶ በታንኳ የሚያልፉ አንድ አባት ቆመው አዩንና «እናንተ ልጆች፣ የሰው በር ላይ ምን ትሠራላችሁ?» አሉ። የማን በር? ስንል በመቅዘፊያቸው ጭቃው ላይ ያለውን ዱካ አሳዩን። አራት ጣት ያለው፣ ሳህን የሚያህል። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ለግጦሽ የሚወጣው በለመደው መንገድ ነው። ከውሃው የሚለየው ነገር መሀል ከገባ ደግሞ ምሕረት የለውም። በተለይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ እንዲህ ያለ መግቢያ ካያችሁ ዞር በሉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ነው የገባነው።

አንዲት እናት፦ «ልጄ ጣና ውስጥ ተጫውቶ ከመጣ ወዲህ እግሩን ያሳክከዋል። ላስመርምረው?»

አዎ እናቴ፣ ያስመርምሩት። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ የሚባል የትል በሽታ አለ። ትሉ ከውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ይወጣና በቆዳ ይገባል፤ ቁስል ባይኖርም ይገባል። ነገር ግን በማግስቱ ተመርምሮ «ነፃ ነህ» ቢባል አይዘናጉ። እንቁላሉ ሰገራ ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ያኔ በድጋሚ ይመርመር። ትኩሳት ወይም ሳል ከጀመረው ግን ቀን አይቁጠሩ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው፣ መጠኑም በክብደት ስለሚለካ ከጎረቤት አይዋሱ። እኔም ቀጠሮዬን እየጠበቅሁ ነው።

«ልብሴ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ምን ነክቶኝ ነው?»

ምንም። የበሰበሰ ቅጠል አየር በሌለበት ሲብላላ የሚያወጣው ጋዝ ነው። መጀመሪያ አድርቀህ አራግፈው፣ ከዚያ እጠበው።

«መቼ መሄድ ይሻላል?»

ጠዋት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ለካያክ አይመችም። ጣና በጣም የሚጎድለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ስለሆነ ጭቃው ያኔ ይበዛል። ሆኖም ውሃው የሸሸበትን መሬት ገበሬ ይዘራበታል፤ ቡቃያ ካያችሁ እግራችሁን ሰብስቡ። ደንገሉንም አትስበሩ፣ ታንኳ የሚሠራው ከእሱ ነው።

አንድ የፎገራ ገበሬ፦ «እኛ ክረምቱን ሙሉ ሩዝ ማሳ ውስጥ ጭቃ ለጭቃ ነን። ከተሜ ለጨዋታ ይገባበታል ሲባል ገርሞኛል። በነሐሴ ለአረም ና፣ እስክትጠግብ ትጫወታለህ።»

እመጣለሁ ጋሼ። ካያክ አልይዝም።