መልስ፦ ቤት ውስጥ ጨዋ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሌላ ሰው

እህቴ፣ የ15 ዓመት ልጅሽ ቤት ውስጥ ጨዋ ሆኖ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ሞተር ላይ ለሦስት መፈናጠጡ ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል። አደጋውን አጥቶት አይደለም። ግንባር አካባቢ ያለው፣ «ቆይ እስኪ» የሚለው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። ደስታ ፈላጊው ክፍል ግን አሁን ግሏል፤ ጓደኛ ሲኖር ደግሞ ይብስበታል። በ2005 እ.ኤ.አ. ጋርድነርና ስታይንበርግ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በመኪና መንዳት ጨዋታ ሞክረውት ነበር። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ጓደኞቻቸው ሲያዩዋቸው ይበልጥ ደፈሩ። አዋቂዎቹ ግን ያው ነበሩ።

ስለዚህ ምክር ብቻ አይበቃም (እኔም ስንቴ ጮኬ አይቼዋለሁ)። እኛ ቤት የሠራው ይኸ ነው፦ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ መውጫ ሲያጣ፣ በተስማማንበት የሚስጥር ቃል «እማ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብሎ ቴክስት ካደረገልኝ «አሁኑኑ ና!» ብዬ እደውላለሁ። ጓደኞቹ ፊት ክፉዋ እኔ ነኝ። ቤት ሲገባ ያን ምሽት ጥያቄ የለም። እራቱን በልቶ ይተኛል።