የእህቴን ልጅ ኤሌክትሪክ ላስለምደው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። በግሌ የምሰራ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ ድርጅት ምናምን የለኝም፣ ቦርሳዬንና መሰላሌን ይዤ ቤት ለቤት ነው የምሰራው፣ 11 ዓመት ሆኖኛል። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ላይ ብዙም አይደለም ግን እጁ ቅን ነው፣ የተበላሸ ቻርጀር ፈታትቶ ይገጥማል። እህቴ ከትምህርት መልስ ካንተ ጋር ይዋልና ሙያ ይልመድ ብላ ይዛኛለች፣ እምቢ ማለትም ከበደኝ። ግን የምንሰራው ከኮረንቲ ጋር ነው፣ እፈራለሁ። በህግ ችግር አለው? ከምን ላስጀምረው? እየተማረ ስለሆነስ ልክፈለው ወይስ አይከፈለውም?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ የመጀመሪያ ሰልጣኜ ነው ትዝ ያለኝ። 17 ዓመቱ ነበር። ብሬከር ሳታወርድ እንዳትነካ፣ ሳትፈትሽ እንዳትነካ እያልኩ ሁሉንም በቃል ነግሬዋለሁ፣ ግን እኔ ራሴ ሶኬት ስቀይር ደንበኛው ፍሪጁ እንዳይጠፋብኝ ኢንተርኔቱ እንዳይቋረጥብኝ ካለኝ ኮረንቲው እንዳለ ተጠንቅቄ እሰራ ነበር፣ ልምድ አለኝ ብዬ። አንድ ቀን ሌላ ክፍል ውስጥ ቱቦ እየቀበርኩ ጩኸት ሰማሁ፣ ሮጬ ስደርስ ልጁ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል ካቻቢቴው ወዲያ ተወርውሯል ፊቱ አመድ መስሏል። ተርፏል፣ ፈጣሪ ይመስገን። ለምን ብሬከሩን አላወረድክም ብዬ ስጮህበት "ጋሼ እርሶም እኮ አያወርዱም" አለኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልንገርህ፣ ልጁ የምትነግረውን ሳይሆን እጅህን ነው የሚከተለው። እሱን ከያዝክ የራስህን አሰራር ከዛሬ ጀምረህ ታስተካክላለህ፣ ደንበኛ ሲቸኩልብህም ኮረንቲ እንዳለ አትሰራም። ይሄን ካልቻልክ ለእህትህ በግልፅ እምቢ በላት፣ ቅር ብትሰኝም ይሻላል።

ህጉን በተመለከተ፣ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ በ1973 ያወጣው 138ኛው ኮንቬንሽን አደገኛ ለሆነ ስራ ዝቅተኛውን ዕድሜ 18 ያደርገዋል፣ ሀገሮች ከ16 ጀምሮ ሊፈቅዱ የሚችሉት የልጁ ጤናና ደህንነት ሙሉ በሙሉ ከተጠበቀና ለስራው የሚሆን በቂ ስልጠና ካገኘ ብቻ ነው። የየሀገሩ ዝርዝር ግን ይለያያል፣ አንዳንድ ቦታ በስልጠና ውል ካልሆነ የኤሌክትሪክ ስራ ለታዳጊ ጭራሽ ክልክል ነው፣ ስለዚህ አካባቢህ ያለው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደህ ሰዓቱን፣ የሌሊት ስራውን፣ ምዝገባውን ጠይቅ። አጎቱ መሆንህ ከህግ አያድንህም። ኢንሹራንስ ካለህም እሱን ይሸፍን እንደሆነ በፅሁፍ አረጋግጥ፣ ብዙ ሰው ይሄን የሚያስታውሰው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ስራው እንምጣ። ገና ከመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴ አታስይዘው፣ መጀመሪያ ኮረንቲ ለምን እንደሚፈራ ይግባው። እኔ ልጆቹን የማስረዳቸው በአምፖል ነው። የድሮው 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ሲበራ 270 ሚሊ አምፒር አካባቢ ይስባል። የሰው ጡንቻ ግን በ10 ሚሊ አምፒር አካባቢ ጨምድዶ የያዝከውን ሽቦ ሊያስለቅቅህ አይችልም፣ 30 እና ከዚያ በላይ በደረት አልፎ ከቆየ ደግሞ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ማለትም ያቺ ደብዛዛ አምፖል የምትስበው ሰው ከሚገድለው በላይ ነው። ከዚያ እንዲህ ብለህ ጠይቀው፣ ባለ 16 አምፒር ብሬከር አንተን ያድንሃል? ራሱ ሲደርስበት ታየዋለህ፣ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም፣ ለሰው የሚሆነው ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያመልጥ 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚቆርጠው የሊኬጅ ብሬከር ነው፣ እሱም ቢሆን ፌዝና ኒውትራልን፣ ማለትም ኮረንቲ የሚያመጣውንና የሚመልሰውን ሽቦ፣ አንድ ላይ ከያዝክ አያውቅልህም። ይሄ የገባው ልጅ ብሬከር እየዘለለ ሲያስቸግር ባለ 32 አምፒር ልቀይረው አይልም።

ቀጥሎ አፈታተሽ፣ እዚህ ላይ ቸኩለህ አትለፍ። ብሬከሩን ያወርዳል፣ ይቆልፋል፣ ቁልፉን ራሱ ኪስ ውስጥ ያስገባል፣ ምክንያቱም የቤቱ ሰው መብራት ጠፋ ብሎ መልሶ ሊያነሳው ይችላል። ከዚያ ቴስተሩን መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በሚያውቀው ቦታ ይሞክራል፣ የሚሰራበትን ቦታ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከኧርዝ (ከመሬት ሽቦው)፣ ኒውትራል ከኧርዝ ይለካል፣ በመጨረሻም ቴስተሩን እንደገና ኮረንቲ ያለው ቦታ ላይ ይሞክረዋል። ይሄ የመጨረሻው ለምን ብሎ ይጠይቅሃል፣ ቴስተሩ መሃል ላይ ተበላሽቶ ቢሆንስ? በካቻቢቴ መልክ የተሰራችው በአምፖል የምትበራው ቴስተር ላይ አታስተማምነው፣ ባለ ሁለት ጫፉን ግዛለት። የሽቦ ከለርም አይመን፣ ቡኒ ፌዝ ሰማያዊ ኒውትራል አረንጓዴና ቢጫ ኧርዝ ብሎ ይልመድ ግን ካሁን በፊት የሰራው ሰው ያገኘውን ሽቦ አስገብቶ ሊሆን ይችላል፣ አንተም ስንቴ አይተሃል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ስራው ኮረንቲ የሌለበት ይሁን። ቱቦ መቁረጥና ማጠፍ፣ ሽቦ መሳብ፣ ስካቶላ (ሶኬትና ስዊች የሚገባበትን ሳጥን) መግጠም፣ ግድግዳ ሲቆፈር መነፅርና ማስክ ይዞ ማገዝ። ቤት ውስጥ ጣውላ ላይ ደግሞ አንድ አምፖል ከአንድ ስዊች፣ ከዚያ ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ አምፖል ይስራ፣ ያፈርስ፣ እንደገና ይስራ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦ በብዛት እንደምንጠቀም ይወቅ፣ ግን ለምን የሚለውንም ንገረው፣ ቀጭን ሽቦ ብዙ ጭነት ሲበዛበት ይግላል ኢንሱሌሽኑ ይቀልጣል ከዚያ እሳት። ያሰረውን ሽቦ ሁሉ ሳብ አድርጎ ይፈትሽ፣ ላላ ያለ እስር ስንት ቤት አቃጥሏል!

በጣም የምለምንህ አልገባኝም ሲልህ እንዳትቆጣው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ዝም ብሎ ይሞክራል እንጂ አላወኩም ማለት ያፍራል፣ እኛ ሙያ ላይ ደግሞ ዝም ብሎ የሚሞክረው ነው የሚጎዳው። ሶስቴ ከጠየቀህ ሶስቴ መልስለት። የሚጣደፍ ስራ ያለህ ቀን ቤት ይዋል። ሰው ቤት ውስጥም ብቻውን ትተኸው አትውጣ፣ ኮረንቲው ብቻ አይደለም፣ የማያውቀው ሰው ቤት ያለ ልጅ ነው። ሰው ኮረንቲ ቢይዘው ምን እንደሚያደርግም አለማምደው፣ መጀመሪያ ብሬከር፣ በባዶ እጅ መንካት የለም፣ ከዚያ እርዳታ መጥራት። እሱን ራሱን ነክቶት ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው።

ክፍያውን ጠይቀሃል፣ ክፈለው። ትንሽም ቢሆን የታወቀ፣ ቀኑ የማያልፍ ይሁን፣ ትራንስፖርቱንና ጫማውን ጓንቱን አንተ ቻል። ዕቃ ተሸክሞ አቧራ ሲጠጣ የዋለ ልጅ እየተማርክ ነው ተብሎ ባዶ እጁን መመለስ የለበትም፣ ህጉም የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ክፍያ ካለ ከሱ አትውረድ። እህትህ፣ ልጁና አንተ ተቀምጣችሁ አንድ ገፅ ላይ ሰዓቱን፣ ክፍያውን፣ የትምህርት ቀን እንደማይነካና የአንድ ወር ሙከራ እንዳለው ፃፉ። ስራ ያዘገይብኛል ብለህ ካሰብክ፣ አዎ ያዘገይብሃል፣ ለደንበኛ ቀን ስትሰጥ ያንን አስበህ ስጥ።

ጥያቄ፦ ሰልጣኜ 8 ወር ሆነው፣ 17 ዓመቱ ነው ጎበዝ ነው። ትናንሽ ስራ ብቻውን ልላከው እችላለሁ?

መልስ፦ አትላከው ወንድሜ። ትንሽ ስራ የሚባለው ሶኬት መቀየር እንኳን፣ ሶኬቱ ሲከፈት ከጀርባው ምን እንደሚገኝ እኔና አንተም አናውቅም። ይልቅ አብራችሁ ሂዱና እሱ ይስራ፣ አንተ እጅህን አጣምረህ ቁም፣ ሲጨርስ ፈትሸህ አንተ ብሬከሩን አንሳ። ዕድሜው 18 ሲሞላና ሀገሩ የሚጠይቀውን ፈቃድ ሲያወጣ ያኔ እንደገና ፃፍልን።