በሩን እንዳገኛችሁት ተዉት፦ ስለ አየርላንድ ገጠር የእግር ጉዞ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት በአየርላንድ ገጠር በእግር ስለመጓዝ የምትጠይቁት ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ይህን ያህል ጥያቄ ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። እዚህ አገር 11 ዓመት ኖሬያለሁ። አስጎብኚ አይደለሁም፤ ቅዳሜ ሲደርስ ቤት መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፣ በቃ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከደብሊን)፦ ወንድሜ፣ መኪና የለኝም። ተራራ ወጥቼም አላውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከግሌንዳሎክ። ካውንቲ ዊክሎው ውስጥ ነው፤ ስሙ በአይሪሽ ቋንቋ "የሁለት ሐይቆች ሸለቆ" ማለት ነው። ከደብሊን መሃል በቀጥታ የሚወስድ አውቶቡስ አለ። የመመለሻ ሰዓቱን አስቀድመህ እይ፤ ካመለጠህ ምሽቱ ረጅም ነው። መንገዶቹ በቀለም ቀስት ተለይተዋል። ለመጀመሪያ ቀን በሐይቆቹ ዳር ሜዳ ሜዳውን ሂድ። ነጩ ቀስት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ 600 የእንጨት ደረጃ ያስወጣሃል። እሱን ለሁለተኛ ጊዜ አቆየው።

ገዳሙን ግን ሳታይ እንዳትመለስ። የመሠረተው በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ኬቨን ነው። 30 ሜትር ቁመት ያለው ክብ የድንጋይ ግንብ አለ። በሩ ከመሬት 3 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ነው የተከፈተው፤ መነኮሳቱ በመሰላል ነበር የሚገቡት። ደብረ ዳሞን በጠፍር የወጣ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ስለ ኬቨን የሚነገረውም ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ ወፍ መዳፉ ላይ እንቁላል ጣለች፤ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ እጁን ሳያጥፍ ቆየ ይላሉ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ወፍ ያላስታወሰ እጁን ያውጣ።

ጥያቄ (ከሊመሪክ)፦ ምን ዓይነት ጫማና ልብስ ያስፈልገኛል? በስኒከር ይሆናል?

መልስ፦ በደረቅ ቀን፣ በተነጠፈ መንገድ ላይ ይሆናል። እኔ ግን የመጀመሪያ ጊዜ በስኒከር ሄጄ ሣር መስሎኝ የረገጥኩት ረግረግ ሆኖ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ ቀረ። ክንዴን እስከ ብብቴ ድረስ ሰድጄ ነው ያወጣሁት። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ ግዛ። ጂንስ ተው፤ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ጃንጥላም እቤት ይቅር፤ ነፋሱ ገልብጦ ነው የሚመልስልህ። ሱሪህን ካልሲ ውስጥ አስገባ፣ ማታ ገላህን ፈትሽ፤ ሣሩ ውስጥ መዥገር አለ፣ ላይም (Lyme) የሚባል በሽታ ያስተላልፋል።

ሰዓትም ቁጠር። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ነው። በታኅሣሥ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ሲል ትሄዳለች። ጭጋግ ከወረደና መንገድ ከጠፋህ 112 ደውለህ "ማውንቴን ሬስኪው" በል።

ጥያቄ (ከጎልዌይ)፦ ብዙ ቦታ መንገዱ በሰው ግጦሽ ውስጥ ያልፋል። መግባት ይፈቀዳል? ከብቶቹንም ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው። አየርላንድ እንደ ስኮትላንድ አይደለችም፤ በፈለጉበት የመሄድ መብት የለም። አብዛኛው መንገድ የሚያልፈው በገበሬው ፈቃድ ነው። ስለዚህ ቢጫውን የእግረኛ ምልክት ተከተይ፣ ከመስመሩ አትውጪ። አጥር በመሰላል የሚሻገሩበት ቦታ ካለ በመሰላሉ ተሻገሪ፤ ሽቦ አትዝለይ። ጥጃ ያላትን ላም በሩቁ ዙሪያት። በእናትና በልጅ መሃል ከመግባት ጭቃ መርገጥ ይሻላል።

ስለ በር አንድ ነገር ልንገርሽ። ካውንቲ ሜዮ ውስጥ አንድ ትልቅ የብረት በር ተከፍቶ አገኘሁ። "የረሳ ሰው ነው" ብዬ በደግነት ዘጋሁት፤ ሰንሰለቱንም አጠለቅኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሽማግሌ ባለ አራት ጎማ ሞተር እየነዱ ደረሱብኝ። ለካ በሩ ሆን ተብሎ ነው የተከፈተው። ከብቶቹ ውሃ የሚጠጡት ወዲያ ማዶ ነው፤ እኔ ከውሃ ቆረጥኳቸው። አፈርኩ። ሰውየው ግን አልተቆጡም። "የተከፈተውን እንደተከፈተ፣ የተዘጋውን እንደተዘጋ" አሉኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። ኢትዮጵያ ስላቸው ዝም አሉ። ከዚያ ልጅ ሳሉ በዐቢይ ጾም ቤታቸው ስለምትቀመጥ የካርቶን ሙዳየ ምጽዋት አወሩኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ለአይስክሬም የተሰጣቸውን ሳንቲም እዚያ ውስጥ ይከቱ ነበር። እኔም የምለው ጠፋኝ። ሄደን በሩን አብረን ከፈትነው።

ጥያቄ (ከደብሊን)፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ እየመጡ ነው። 68 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል። የት ልውሰዳቸው?

መልስ፦ ክሎንማክኖይስ ውሰጃቸው። በሻነን ወንዝ ዳር፣ አገሩ መሃል ላይ ያለ ገዳም ነው፤ በ544 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ኪየራን መሠረተው። ቦታው ለጥ ያለ ነው። ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ 4 ሜትር ገደማ የሚሆን መስቀል ያያሉ፤ ጎኖቹ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተቀርጾበታል። ዋነኛው ከዝናብ ተጠብቆ ሙዚየሙ ውስጥ ነው ያለው፤ ደጅ የቆመው አምሳያው ነው። እናትሽ ሊሳለሙ ካሰቡ ይህን ቀድመሽ ንገሪያቸው። በካቴድራሉ ሰሜናዊ በር አንደኛው ጠርዝ ላይ በሹክሹክታ የተናገርሽው ሌላኛው ጠርዝ ላይ ይሰማል። ድሮ የሥጋ ደዌ ያለባቸው ሰዎች ካህኑ ሳይቀርባቸው በዚህ በኩል ይናዘዙ ነበር ይባላል።

ጥያቄ (ከኮርክ)፦ ኒውግሬንጅ የሚባለው ድንጋይ ክምር ያን ያህል ያስኬዳል?

መልስ፦ የድንጋይ ክምር አልከው? ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3200 ገደማ ጀምሮ የቆመ መቃብር ነው፤ ከጊዛ ፒራሚዶች ይቀድማል። ዲሴምበር 21፣ በእኛ ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኗ ከበሩ በላይ ባለች ቀዳዳ ገብቶ 19 ሜትር የሚሆነውን ጠባብ መተላለፊያ አልፎ የውስጡን ክፍል ያበራል። 17 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ለዚያ ጠዋት የሚገባው ዕጣ የወጣለት ነው። በሌላ ቀን ብትሄድ መብራት አጥፍተው በአምፖል ያሳዩሃል። ጨለማው ውስጥ ቆሜ ያቺ ቀጭን መስመር ወለሉ ላይ እየተሳበች ስትመጣ ሳይ፣ አምፖል መሆኑን እያወቅኩ ፀጉሬ ቆመ። ትኬት ቀድመህ ቁረጥ፤ ዝም ብለህ ሄደህ አትገባም።

ጥያቄ (ከዋተርፎርድ)፦ ከምንጭ አጠገብ ዛፍ ላይ ብዙ ጨርቅ ታስሮ አየሁ። ጥንቆላ ነው?

መልስ፦ ጠበል ነው። ብዙዎቹ ምንጮች በቅዱሳን ስም የተሰየሙ ናቸው። ጨርቁ የበሽተኛ ነው፤ እየበሰበሰ ሲሄድ ሕመሙም ይለቃል ይላሉ። (አሁን አሁን የሚታሰረው ናይለን ነው፤ እሱ መቼ ይበሰብሳል?) ሜዳ ላይ ለብቻዋ የቆመች እሾሃማ ዛፍ ካየህ ደግሞ ቅርንጫፍ እንዳትሰብር። የመናፍስት ዛፍ ናት፤ እንደኛ አድባር በላት። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ካውንቲ ክሌር ውስጥ በአንዲት እንዲህ ያለች ዛፍ ምክንያት ትልቅ መንገድ ሲሠራ ዕቅዱ ተስተካክሎ ዛፏ ተርፋለች።

ጥያቄ (ከአትሎን)፦ ውሻዬን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ በግ ወዳለበት ኮረብታ አትውሰደው። በግ የሚያባርር ውሻን ገበሬው ቢተኩስበት ሕግ የሚከላከልለት ሁኔታ አለ።

ጥያቄ (ከካስልባር)፦ ክሮግ ፓትሪክን መውጣት እፈልጋለሁ። በባዶ እግር የሚወጡ አሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በጁላይ የመጨረሻ እሑድ ሺዎች ይወጡታል፤ አንዳንዶቹ ያለ ጫማ። ቅዱስ ፓትሪክ ጫፉ ላይ 40 ቀን ጾሟል ተብሎ ይታመናል። ከፍታው 764 ሜትር ብቻ ነው፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ቁጥሩ ያስቃል። ግን የምትነሳው ከባሕር ጠርዝ ነው፤ የላይኛው ክፍል ደግሞ ከእግር ሥር የሚንሸራተት ጠጠር ነው። መውረዱ ከመውጣቱ ይከብዳል። ዱላ ያዝ።

ጥያቄ (ከደብሊን)፦ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ታናሹ 6 ዓመቱ ነው። ሳያለቅስ የሚውልበት ቦታ አለ?

መልስ፦ የዋተርፎርድ ግሪንዌይ። የድሮ ባቡር ሐዲድ ተነስቶ የተሠራ የብስክሌት መንገድ ነው፤ እስከ ደንጋርቫን 46 ኪሎ ሜትር። ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። ብስክሌት እዚያው ይከራያሉ። ሁሉንም ካልጨረስን አትበሉ፤ ዋሻውና ድልድዮቹ ያሉበትን፣ በደንጋርቫን በኩል ያለውን ብቻ ንዱ። ዋሻው ውስጥ ልጆቹ መጮኻቸው አይቀርም፤ እኔም ጮኬያለሁ።

ጥያቄ (ከድሮኸዳ)፦ ድንበሩ ላይ ፈታሽ የለም ሲሉ ሰማሁ። ሰሜን አየርላንድ ያሉትን የጃየንትስ ኮዝዌይ የድንጋይ ዓምዶች አይቼ ልመለስ?

መልስ፦ ኬላ የለም፣ ሕግ ግን አለ። ሰሜን አየርላንድ የእንግሊዝ መንግሥት ግዛት ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዝ ከሆነ የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልግሃል፤ የአየርላንድ የመኖሪያ ካርድ አይተካውም። ለአንድ ቀን ፎቶ ወረቀትህን አታበላሽ።

ጥያቄ (ከዌስትፖርት)፦ አኪል ደሴት ላይ ማንም የማይኖርበት ኮረብታ ላይ እንደ ትልም ያለ መስመር አየሁ። እዚያ ማን ነው የሚያርሰው?

መልስ፦ አሁን ማንም። የድንች መደቦች ናቸው። ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. በነበረው ረሃብ፣ በሽታ ድንቹን አበስብሶት ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው አልቋል፤ ሌላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰዷል። መደቦቹን በአካፋ ያበጁት ሰዎች ሞቱ ወይም ሄዱ፤ ሣሩ በላያቸው በቀለ። ስሊቭሞር ተራራ ሥር ደግሞ ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች ተደርድረው ታገኛለህ፤ ሰው የተዋቸው ግን በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው።

መደቦቹን እንዳይ ያስተማሩኝ እኚያ የበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ኮረብታ በጣታቸው አሳዩኝ፤ እኔ ሣር ብቻ ነበር የሚታየኝ። "ቆይ" አሉኝና ሻይ አፈሉ። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላው በየትልሙ ውስጥ ተኛ፤ ኮረብታው ከላይ እስከ ታች ተሸንትሮ ወጣ። አንተም እንደገና ስትሄድ በቀትር ሳይሆን አመሻሽ ላይ ሂድ።