ሦስት ልብ ወለድ፣ አንድ ደራሲ፣ አንድ ጠፍ ደሴት

ባለፈው ጊዜ እዚህ ዓምድ ላይ በጨዋታ መልክ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። ሰው የሌለበት ደሴት ልትሄዱ ነው እንበል። የሚፈቀድላችሁ የአንድ ደራሲ ሦስት ልብ ወለድ ብቻ ነው። የማንን ትይዛላችሁ? ጥፋቱ የራሴ ነው። ደብዳቤው ጎረፈ። ግማሹ መልስ ሳይሆን ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። እስቲ የቻልኩትን ልመልስ።

የቡራዩ አንባቢ፦ ስልኳ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር» በትረካ አላት። እንደ መጽሐፍ ይቆጠርልኛል ወይ ትላለች።

የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሆነ ከመጽሐፍም በላይ ይቆጠርልሻል። ስልኩን ግን የት ልትሰኪው ነው?

የኮዬ ፈጬ ተማሪ፦ «የበዓሉ ግርማን ‹ሐዲስ› ታሪክ ባጭሩ ንገረኝ፤ ለሰኞ ነው።»

የቤት ሥራህ ነው። አንብብ።

የብሎካችን ጎረቤት፣ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፦ ደረጃ ላይ አገኘኝና «ጋሼ፣ ሰውን ትጠይቃለህ እንጂ አንተ ራስህ የማንን ነው የምትይዘው?» አለኝ። ቸኩዬ ነበርና ሳልመልስለት ሄድኩ።

በዓሉ ግርማን ነው የምይዘው።

ሰው የሌለበት ቦታ የሚሄድ ሰው፣ ሰው የሚርመሰመስበት መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ደሴቱ ላይ ዛፍና ውሃ ሞልቷል። ስለ ጀንበር መጥለቅ ሁለት ገጽ ቢጻፍልኝ ምን ያደርግልኛል? ቀና ብዬ አየው የለም እንዴ! የሚናፍቀኝ የቢሮ ሐሜት ነው። የቡና ቤት ክርክር ነው። «ሂሳቡን እኔ ነኝ የምከፍለው» እየተባባሉ መጎተት ነው። ይኼ ደግሞ በዓሉ ጋ አይጠፋም። ሰውዬው ጋዜጠኛ ነበራ! መነን መጽሔትን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ አዲስ ዘመንን አዘጋጅቷል። ሰው ሲያወራ ጆሮው አይስትም።

ስድስት ልብ ወለድ አለው። ሦስቱን መተው አለብኝ ማለት ነው። «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን ያለ ብዙ ሐዘን እተወዋለሁ። በ1972 የወጣ ነው። ሳነበው አብዮቱ ጎኑ ተቀምጦ የሚያጽፈው ይመስለኛል። «የሕሊና ደወል» (1966) እና «ሐዲስ» (1975) ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ተፈትቶ እንደገና የተሰፋ ነው። ሁለቱን መያዝ ቦታ ማባከን ነው። «ሐዲስ»ን ብቻውን ልያዝ ብዬ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ አመንትቻለሁ። ኢሉባቦር የተወለደበት አገር ነውና እዚያ ሲደርስ ብዕሩ ይለሰልሳል። በመጨረሻ ተውኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

የያዝኳቸው እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ «ከአድማስ ባሻገር»፣ 1962። አበራ ወርቁ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ልቡ ሥዕል ላይ ነው። ወግ ያለው ኑሮ በአንድ እጁ፣ ብሩሹ በሌላ እጁ ይጎትቱታል። እንዲህ ዓይነት ሰው እኛ ሰፈር በየፎቁ አለ። ከኛ ብሎክ ብቻ ሁለቱን በስም መጥራት እችላለሁ። አልጠራም።

ሁለተኛ፣ «ደራሲው»፣ 1972። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሲራክን በዓሉ የቀዳው ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ደራሲ ስለ ደራሲ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ያሰለቸኛል። ይኼኛው አላሰለቸኝም። መደርደሪያዬ ላይ ያለው ቅጂ ከየት እንደመጣ ግን ትዝ አይለኝም።

ሦስተኛውን ታውቁታላችሁ። «ኦሮማይ»፣ 1975። ቃሉ የአስመራ ሰው ከጣልያንኛ የወሰደው ነው፤ «በቃ፣ አለቀለት» እንደማለት። በዓሉ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ነበር። ያየውን ነው ጋዜጠኛውን ፀጋዬን አድርጎ የጻፈው። የፀጋዬን ፍቅረኛ ፊያሜታን የማያውቅ የኔ ዘመን ሰው የለም። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ። ሰውዬው ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገኑ ቃሊቲ መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። እሱ ግን እስከ ዛሬ የለም።

እኔ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ከተማ የምገባው በቃሊቲ ነው። ጠዋት ጠዋት ታክሲያችን እዚያ ይቆማል። ከፊት ሲኖትራክ፣ ከኋላ ሲኖትራክ። ረዳቱ ሳንቲም ይቆጥራል፣ ተሳፋሪው ስልኩን ይነካካል። እኔ በመስኮት የመንገዱን ዳር አያለሁ። የቱ ጋ ይሆን ቆማ የተገኘችው? አስፋልቱ ሰፍቷል፣ ሕንጻው በዝቷል፤ ቢነግሩኝም ቦታውን የማገኘው አይመስለኝም። ግን አያለሁ። ልማድ ሆኖብኛል።

የኔ «ኦሮማይ» አሮጌ ናት። ሽፋኗ ከወደቀ ቆይቷል፤ የግድግዳ ካላንደር ወረቀት ተለብጦባታል። ብሔራዊ አካባቢ ከመንገድ ላይ ስገዛት የመጨረሻው ቅጠል ተገንጥሎ ጠፍቶ ነበር። ከኔ በፊት የነበረው ሰው ግን ዝም አላለም። ከሌላ ቅጂ ላይ አይቶ በካሬ ደብተር ወረቀት፣ በሰማያዊ ቢክ፣ ያንን ቅጠል ከነነጥቡ ገልብጦ ለጥፎበታል። አንድ ቦታ ላይ ቃል ስቶ ሰርዞ አስተካክሏል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስሙን አልጻፈም። ሌላ አዲስ እትም ገዝቻለሁ። ደሴት የምወስደው ግን ይኼንኑ ነው። ቢያንስ አንድ ሰው አብሮኝ ይሄዳል።

የሰበታ አንባቢ፣ ተቆጥተዋል፦ «ሐዲስ ዓለማየሁ እያሉ ሌላ መምረጥ ድፍረት ነው።»

አባቴ፣ ልክ ነዎት፤ ግን ጨዋታውን ያበላሹብኛል። ልብ ወለዳቸው ሦስት ነው፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» 1958፣ «ወንጀለኛው ዳኛ» 1974፣ «የልም እዣት» 1980። ሦስት ያዝ ሲባል ሦስቱን አንስቶ መሄድ ምን ምርጫ አለው?

ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስዎ። እኛ ደሴት ደሴት እያልን እንቀልዳለን። እሳቸውን ግን ጣልያን ማርኮ በእውነተኛ ደሴት ላይ አስሯቸዋል። መጀመሪያ ፖንዛ፣ ኋላ ሊፓሪ። ሦስት መጽሐፍ ምረጥ ያላቸው አልነበረም። «ትዝታ» የሚለው መጽሐፋቸው ላይ ያንን ዘመን ጽፈውታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው ከእስር ከተፈቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጉዱ ካሣን ያን ጊዜ ባሕር እያዩ ያስቡት ይሆን እያልኩ እገምታለሁ። ግምት ነው፤ ማስረጃ አምጣ እንዳይሉኝ።

የየካ አባዶ እመቤት፦ ቤታቸው ምድር ቤት ነው። የባለቤቷ መጻሕፍት ክረምቱን ሻግተዋል። ፀሐይ ላይ ላስጣቸው ወይስ ልጣላቸው ትላለች። እሱ «ከጣልሻቸው እኔም እወጣለሁ» ብሏል።

እንደ በርበሬ አታስጪያቸው። ቀጥታ ፀሐይ ወረቀቱን ያበልዘዋል፣ ሙጫውን ያደርቀዋል። ነፋስ ያለው ጥላ ስር ገለጥ ገለጥ አድርገሽ አቁሚያቸው። ሲደርቁ ሻጋታውን ከቤት ውጪ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ በለስላሳ ብሩሽ አራግፊ። የሻገተውን ካልሻገተው ለይ። መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው። በላስቲክ አትጠቅልያቸው፤ እርጥበቱን አብረሽ ነው የምታሽጊው። ብራና ካለበት እሱን አትንኪ፣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ያሉትን ባለሙያዎች ጠይቂ። ሌላው በእጅሽ ነው።

ባልሽ እወጣለሁ ካለ የት እንደሚሄድ ጠይቂው። ደሴት ከሆነ ሦስት ብቻ ነው የሚፈቀድለት።

ከገላን፣ ስም የሌለው ደብዳቤ፦ ሚስቱ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። እንቅልፍ የለውም። ድሮ በሁለት ቀን መጽሐፍ የሚጨርስ ሰው አሁን አንድ ገጽ ገልጦ ያንኑ ገጽ ሲያይ ይመሻል። «እኔስ ደሴቱን በእውነት ነው የምፈልገው፤ መጽሐፍም አልይዝ፤ ብጠፋ የሚፈልገኝ የለም» ይላል።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

የምትነበብ መጽሐፍ አልመርጥልህም። ከዚህ በፊት ለሐዘንተኛ ይኼን አንብብ፣ ያን አንብብ ብዬ አውቃለሁ። አንተ የጻፍከው ግን ሐዘን ብቻ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ማንበብ አለመቻል፣ ብጠፋ ማለት፣ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ ሐኪም ማየት አለበት። ዛሬ ሂድ። ቅርብህ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምር፤ ሪፈር ይጽፉልሃል። ወይ በቀጥታ አማኑኤል ሆስፒታል ሂድ። «አማኑኤል ሄደ ይሉኛል» ብለህ እንዳትቀር። ይበሉ! ብቻህን አትሂድ፣ ብቻህንም አትደር። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ በየሳምንቱ እሁድ ምሳ ይዛ ስለምትመጣ እህትህ ጽፈሃል። የሚፈልገኝ የለም ያልከውን እሷ ብትሰማ ምን ትል ነበር? እሁድን አትጠብቅ፤ አሁን ደውልላትና ለኔ የጻፍከውን ለሷ ንገራት። ሐኪም ካየህ በኋላ ደግሞ ለኔ ጻፍልኝ። እጠብቃለሁ።

የሱሉልታ አንባቢ፦ በልብ ወለድ ፈንታ የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት መያዝ ይቻላል?

አይቻልም። ሻንጣህን ግን አልፈትሽም።

የለገጣፎ አንባቢ፦ አዳም ረታን ለምን ረሳህ?

አልረሳሁትም። «የስንብት ቀለማት»ን ተሸክሞ ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ጀልባውን ይጠይቅ።

የመጨረሻው ከቃሊቲ፦ «ጋሼ፣ ጥያቄ የለኝም። ከሁለት ዓመት በፊት ‹ደራሲው›ን አውሼህ ነበር። ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አለበት። መልስልኝ።»

አሁን ተነስቼ አየሁት። ክቡ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ና፣ ቡና ይፈላል። መጽሐፉን ግን መጨረሻውን እንደገና እያነበብኩት ነውና ቀደም ብለህ እንዳትመጣ።