አሮጌውን ግዛ፣ ግን አስፈትሸህ

ከአዳማ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል ወንድሜ። በማኑፋክቸሪንግ ደረጃ 4 ጨርሰህ በአንድ ወርክሾፕ በእጅ በሚሠራ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከሩ በሚቆርጡበት ማሽን) ላይ ትሠራለህ። ዱባይ ያለችው እህትህ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ለሚመራ ቶርኖ መግዣ ልትሰጥህ ፈቅዳለች። ያገኘኸው ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ ከቻይና የሚመጣ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 250 ኪሎ የሚመዝን አዲስ ማሽን ነው። ሌላው ሻርጃ አንድ ነጋዴ ዘንድ ያለ፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠራ፣ ፋኑክ የተባለ መቆጣጠሪያ (ማሽኑን የሚመራ ኮምፒውተር) ያለው ባለ 4 ቶን ሞሪ ሴይኪ፣ የጃፓን ማሽን ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አጎትህ ግን «በእህትህ ላብ የሰው ውራጅ አይገዛም» ብለው ቤተሰቡን አሳምነዋል።

እኔ ሙያዬን የተማርኩት ከእኔ ዕድሜ በሚበልጥ ቶርኖ ላይ ነው፤ ልጆቼን ያሳደግኩትም በእሱው ነው። ስለዚህ ሳላድበሰብስ ልንገርህ፦ አሮጌውን ግዛ። አጎትህን አክብራቸው፣ በዚህ ጉዳይ ግን አትስማቸው። እሳቸው የሚያስቡት ወርክሾፑ ሲመረቅ እንግዳ ስለሚያየው ዕቃ ነው። አንተ ማሰብ ያለብህ በማግስቱ ብረት ይዞ ስለሚመጣው ደንበኛ ነው።

የወፍጮ ዘንግ ይዞ መጣ እንበል። 60 ሚሊ የሆነውን ብረት ወደ 50 ማውረድ አለብህ፤ ማለትም ከዙሪያው 5 ሚሊ ይነሳል። 11 ኪሎ ዋት ሞተር ያለው ከባዱ ማሽን ይህን በሁለት ጉዞ አውርዶ ለማጥሪያ ትንሽ ያስቀርልሃል። ባለ 1.5 ኪሎ ዋቱ ትንሹ ማሽን በአንድ ጉዞ ግማሽ ሚሊ ቢያነሳ ነው። ከዚያ በላይ ስታስገድደው ይንቀጠቀጣል፣ የብረቱ ገጽ ይሻክራል፣ ኢንሰርቱም (የመቁረጫው ስለት) ይሰበራል። 4 ቶኑ ለዚህ ነው የሚያስፈልግህ፤ ንዝረቱን የሚውጠው የማሽኑ ክብደት ነው። ደግሞ ራስህ እንደጻፍክልኝ የትንሹ ማሽን ስፒንድል (ብረቱን የሚያሽከረክረው ዋና ዘንግ) ቀዳዳ 20 ሚሊ ብቻ ነው። ከዚያ የወፈረ ዘንግ ከኋላ ስለማያልፍ ብረት እየቆራረጡ አንድ በአንድ ማሰር ሊሆን ነው ሥራህ። የእነዚህ ትናንሽ ማሽኖች ስቴፐር ሞተር (በትናንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር) ጭነት ሲበዛበት እርምጃ ይዘላል፣ መቆጣጠሪያው ግን መዝለሉን አያውቅም። ልኩ መበላሸቱን የምትደርስበት በካሊፐር ስትለካው ነው። የከባዱ ማሽን ሰርቮ ሞተር ግን የደረሰበትን በኢንኮደር (ቦታውን በሚለካ መሣሪያ) እያሳወቀ ይሄዳል፤ ሲስት አላርም ሰጥቶ ይቆማል።

እኔን ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ የአንተ ሙያ ነው። ወርክሾፑ ባይሳካ እንኳ ፋኑክን በደንብ ያወቀ ሰው ሲኤንሲ ያለው ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ሥራ መጠየቅ ይችላል። ዜሮ ነጥብ (ልክ የሚነሳበትን ቦታ) መያዝ፣ የመሣሪያ ኦፍሴት (የየመቁረጫውን የልክ ልዩነት) ማስተካከል፣ አላርም አንብቦ ምክንያቱን መፈለግ፣ እነዚህ ዕድሜ ልክህን አብረውህ ይኖራሉ። ኮድ መጻፍ ብቻ መለማመድ ከሆነ የፈለግከው ማሽን አትግዛ፤ በላፕቶፕ የሚሠሩ ሲሙሌተሮች ይበቁሃል።

አሮጌ ስልህ ግን በፎቶ አይተህ ክፈል አላልኩም። እህትህ ሻርጃ ድረስ ሄዳ ማሽኑን ብታየውም ሙያዋ ስላልሆነ ምንም አትለይም። እዚያው ያለ የሲኤንሲ ጥገና ሠራተኛ በክፍያ ይዛ ትሂድ፤ አንተ በቪዲዮ ተከታተል። ማሽኑ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ይሽከርከር፣ የስፒንድሉን ኩሽኔታ ድምፅ ስሙ። ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ባለ ቀስት መለኪያ) አስደግፋችሁ አክሲሶቹን (መቁረጫው የሚሄድባቸውን አቅጣጫዎች) በ0.01 ሚሊ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱ፤ አቅጣጫ ሲቀየር ምን ያህል እንቅስቃሴ እንደሚጠፋ ይታያል። ይህን በተለይ ብረቱን በሚይዘው ቻክ አጠገብ አድርጉት። ቶርኖ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው እዚያ ስለሆነ ቦል ስክሩ (መቁረጫውን የሚያንቀሳቅሰው ብሎን) እና መንሸራተቻው ቀድመው የሚያልቁት እዚያው ነው። መቁረጫዎቹን የሚይዘው ታረት ሁሉንም ቦታ ይዙር። ከዚያ 100 ሚሊ ርዝመት ያለው ብረት ዓይንህ እያየ ዙሪያው ተቆርጦ የሁለቱም ጫፍ ውፍረት ይለካ። ሻጩ «መብራት የለኝም፣ አዲስ አበባ ስትወስዱት ይሠራል» ካለ ተነሥታ ትሂድ።

የመቆጣጠሪያውን ፓራሜትር (የማሽኑን ቅንብር የያዙ ቁጥሮች) ቅጂና የኤሌክትሪክ ንድፉን ሳትቀበል ገንዘብ እንዳትለቅ። ፓራሜትሩ የሚቀመጠው በባትሪ ነው፤ በመርከብና በጉምሩክ መጋዘን ወራት ሲያልፉ ባትሪው ካለቀ ማሽኑ ማንነቱን ይረሳል። ከመጫኑ በፊት ባትሪው ይቀየር፣ ሲቀየርም መቆጣጠሪያው በርቶ ይሁን።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ያለህን ሁሉ ማሽኑ ላይ አታፍስስ። የጃፓን ማሽን የሚፈልገው 200 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ነው፣ የእኛ ደግሞ 380 ነው፤ ስለዚህ ትራንስፎርመር ትገዛለህ። የኮንክሪት ወለል፣ ክሬን፣ መሣሪያ መያዣና ኢንሰርት አሉ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ቀረጡን አስቀድሞ ትራንዚተር በጽሑፍ ያስላልህ። ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ የሌለው የኪራይ ቤት ደግሞ አትዋዋል፤ 4 ቶን ማሽን አከራይ በተቆጣ ቁጥር አይነሳም።

ደብዳቤህ ውስጥ ያላየሁት አንድ ነገር ደንበኛ ነው። አንድ ቡሽ ወይም አንድ ፒን ይዞ ለሚመጣ ሰው በእጅ የሚሠራው ቶርኖ ይፈጥናል። ሲኤንሲ የሚያዋጣው ተመሳሳይ ዕቃ 50፣ 200 ሲታዘዝ ነው። ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የወፍጮና የእርሻ መሣሪያ የሚገጣጥሙ ድርጅቶችን ዞረህ በየወሩ ምን እንደሚያስቆርጡ ጠይቅ። አንድም ተደጋጋሚ ትእዛዝ ካላገኘህ ሁለቱንም ማሽን አትግዛ።

ከእህትህ ጋር ተዋዋሉ። ብድር ነው ወይስ ድርሻ? በወንድምና በእህት መካከል ወረቀት ነውር ነው የሚሉህ የሷን ሌሊት ሥራ አልሠሩም። አጎትህ በእርግጥ ለላቧ ከተቆረቆሩ መጀመሪያ በዚህ ውል ላይ ምስክር ይሁኑ።

የሊዝ ብድር ጠይቀኸኛል፤ ይቻላል፣ ግን ከፍለህ እስክትጨርስ ማሽኑ የሊዝ ድርጅቱ ነው። አዲስ አበባ መዛወር አያስፈልግህም፣ አዳማ ይበቃሃል። የማታውን የመካኒካል ዲግሪ ደግሞ ማሽኑ ተተክሎ የመጀመሪያውን ትእዛዝ እስክታስረክብ ድረስ አቆየው።