ሁለት ሃርድ ዲስክ ቴሲስ ይዘሽ ከየት ትጀምሪያለሽ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ኮሌጃችን የአሥራ አምስት ዓመት የመመረቂያ ጽሑፎችን በሁለት ሃርድ ዲስክና በአንድ ካርቶን ሲዲ አስረከበኝ። ዲጂታል ላይብረሪ አድርጊው ተባልኩ። የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን?» ነው ያልሽው። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲህ ዓይነት ካርቶን ተረክቤ ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ።

ሶፍትዌሩ ይቆይ። መጀመሪያ ፋይሎቹን ክፈቻቸው። ሁሉንም ባትችዪ ከየዓመቱ ጥቂት ጥቂት። እኔ ይህን ሳላደርግ ነው የጀመርኩት። ሰርቨሩ ተተከለ፣ ፋይሉ ተጫነ፣ ኃላፊዎች መጥተው አዩት፣ ተጨበጨበ። በሳምንቱ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። የከፈተው ጽሑፍ ላይ አማርኛ የሚባል ነገር የለም። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ገጹን ሞልቶታል።

ጣጣው የፎንት ነው። ዩኒኮድ የሚባለው፣ ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ የኮምፒውተሮች የጋራ ሠንጠረዥ ነው። የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተበድረው ነበር የሚሠሩት። እኛ ጋ ደግሞ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት ተጽፎባቸዋል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንድ የላቲን ፊደል ነው፤ «ለ» አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ «ለ»ም የለም። ፊደላችን ብዙ ስለሆነ ደግሞ አንድ ፎንት አይበቃውም ነበርና ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይከፈል ነበር። አንዷ ቃል ውስጥ ሁለት ፎንት ልታገኚ ትችያለሽ።

ፒዲኤፍ የሆኑትም እንዳያታልሉሽ። ፎንቱ አብሮ ስለታሸገ ስክሪን ላይ አምሮ ይታያል። አንድ መስመር ኮፒ አድርጊና ሌላ ቦታ ለጥፊው። ምልክት ብቻ ከወጣ፣ ያንን ጽሑፍ ማንም በቃል ፈልጎ አያገኘውም። ግማሽ ደቂቃ የማትፈጅ ፈተና ናት፤ ከስንት ድካም ታድንሻለች።

ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከቀየርሽ በኋላ ግን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። እኔን ብዙ ያስቸገሩኝ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ፣ የግዕዝ ቁጥሮች፣ እንዲሁም እንደ «ሏ» እና «ሟ» ያሉት ፊደላት ናቸው። የድሮውን ፋይል እንዳትሰርዢ። የተቀየረው ለአንባቢ ነው፣ የመጀመሪያው ለማስረጃ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን ፒዲኤፍ ኤ በሚባለው ዓይነት አስቀምጪው፤ ፎንቱ ሁልጊዜ ፋይሉ ውስጥ እንዲኖር ያስገድዳል። ግን ቅየራውን አስቀድሚ። በድሮው ፎንት እንዳለ ፒዲኤፍ ኤ ብታደርጊው መልኩ ይቆያል እንጂ ፍለጋው አይሠራም።

ሌላው አንጀቴን ያቆሰለው የባክአፕ ነገር ነው። በየወሩ ከሰርቨሩ ወደ ሃርድ ዲስክ እንገለብጥ ነበር። አንድ ቀን የተወሰኑ ፋይሎች አልከፈት አሉ። ወደ ባክአፑ ሄድን፤ እዚያም አይከፈቱም። ለካ የተበላሸውን በደህናው ላይ ስንገለብጥ ከርመናል! ስማቸው አለ፣ መጠናቸውም ያው ነው፤ መቼ እንደተበላሹ ማወቂያ ግን አልነበረንም።

ለዚህ መድኃኒቱ ቼክሰም ነው። የፋይሉ የጣት አሻራ በይው። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። ፋይሉን በተረከብሽ ቀን አሻራውን መዝግቢ። በየጊዜው እንደገና አስወጪና አስተያዪ። ሻ 256 (SHA-256) የሚባለውን የአሻራ ዓይነት የሚያወጡ ነጻ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ያልተመሳሰለ ካገኘሽ ከደህናው ቅጂ ትመልሻለሽ።

ቅጂው ሦስት ይሁን፤ አንዱ ሌላ ሕንፃ፣ ከተቻለም ሌላ ከተማ። አንዱ ደግሞ ከኮምፒውተርም ከኔትወርክም ተነቅሎ ይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ሲመታ፣ የኦንላይን ካታሎጉ የተመለሰው በጥር 2024 ነው። ያን ያህል አቅም ያለው ቤት እንዲህ ከሆነ የእኛ አንድ ሰርቨር ምን ይሆናል? ቅጂን ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም መነሳት ሲጀምሩ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ዛሬ ተመራማሪዎች እነዚያን ፊልሞች ዲጂታል ሆነው ያነቧቸዋል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ዲስፔስ (DSpace) የሚባለው የዲጂታል ላይብረሪ ሶፍትዌር ይበቃሻል። ነጻ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቴሲሶቹን ያስቀመጠው በእሱ ነው፤ ስለዚህ የሚያግዝሽ ባለሙያ አታጪም። ችግሩ እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚመዘገብበት ቅጽ ላይ ነው። የቤተሰብ ስምና የመጀመሪያ ስም ለየብቻ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ሠራተኛ «ከበደ፣ አበበ» ብሎ ይሞላል፣ ሌላው «አበበ ከበደ»፤ አንድ ሰው ሁለት ደራሲ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከመጀመሪያው አንድ ደንብ ጻፊና ሁሉም በእሱ ይሥራ።

ዓመቱም እንደዚሁ። ሽፋኑ ላይ 1998 ዓ.ም. ካለ ያ በፈረንጆቹ 2005 ወይም 2006 ነው። 1998 ብለሽ ብቻ ካስገባሽው ጽሑፉን በሰባት ስምንት ዓመት አስረጀሽው። ሁለቱንም አቆጣጠር ለየብቻ መዝግቢ። ፊደሉም አለ፤ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም። ርዕሱን ሽፋኑ ላይ እንዳለ ጻፊና በተለዋጭ ርዕስ ቦታ ሌላውን አጻጻፍ ጨምሪ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ጥቅሙን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ፈቃድን አትርሺ። ከዚህ በኋላ የሚያስረክቡትን ተመራቂዎች ፎርም አስፈርሚ። ያልፈረሙትን የቆዩትን ርዕሳቸውንና አጭር መግለጫቸውን ብቻ ለሁሉም ክፈቺ፤ ሙሉው ላይብረሪው ውስጥ ይነበብ።

ነገ ግን ከሲዲዎቹ ጀምሪ። ሃርድ ዲስኩ ትንሽ ይታገሳል፤ ተጭሮ ካርቶን ውስጥ የከረመ ሲዲ ግን አይታገስም። የማይከፈት አማርኛ ካጋጠመሽ የፎንቱን ስም ከአንድ ገጽ ስክሪን ሾት ጋር እዚሁ ለጥፊው፤ የማውቀው ከሆነ በምን እንደሚቀየር እነግርሻለሁ።