መልስ፦ ምህንድስናና ሥዕል አንድ ላይ፣ ውጭ አገር መማርም ጭምር

እህቴ፣ ምህንድስናና ሥዕል አንድ ላይ ይዤ፣ መሀል ላይ ሌላ አገር ሄጄ መማር እችላለሁ ወይ ብለሻል። ትችያለሽ፤ አንዱንም አትተዪ! አሜሪካ የምታመለክቺ ከሆነ ዳርትማውዝ የሚባለውን ኮሌጅ እዪው። ምህንድስናን ከሥነ ጥበብ ጋር አጣምሮ መማር ይቻላል። ዓመቱ በ4 ተርም (የትምህርት ወቅት) ስለሚከፈል አንዱን ውጭ ማሳለፍ ብዙ አይከብድም።

ዋናው ጣጣ የኮርሶቹ ሰንሰለት ነው። ካልኩለስ የሚባለውን ሒሳብ ካልወሰድሽ ቀጣዮቹን አትወስጂም፤ አንዱ ካመለጠሽ ዓመት ሊያስጠብቅሽ ይችላል። ስለዚህ እነሱን አስቀድሚ፣ የሥነ ጥበቡን ለውጭ አቆዪ። ሮም ብትሄጂ ፓንቴዎን የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ጉልላቱን ሳዪ። ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ነው፤ ስፋቱ 43 ሜትር፣ አናቱ ክፍት። እዚያ ሁለቱንም ትማሪያለሽ።

ከመሄድሽ በፊት ውጭ የምትወስጂው ኮርስ ለዲግሪሽ እንደሚቆጠርልሽ ከአማካሪሽ በጽሑፍ ተቀበዪ።